ሁለት አሮጌ ሽጉጥ፣ አንድ ገዢ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ የድንች፣ የጤፍ ወይም የዲከረንስ ከሰል ገንዘብ ኪስ ሲገባ ወሬው ብዙ ጊዜ ወደ ብረት ይዞራል። አንዱ ክላሽ ያምረዋል፤ አንዱ ከአያቱ የወረሰውን ምንሽር ያስወለውላል። ሌላው ደግሞ «ትንሽ ነገር ትበቃኛለች» ብሎ ኪስ የምትገባ ያገለገለች ስድስት ጎራሽ ይፈልጋል። እንግዲህ ለዚህ ሰው ሁለት አሮጌ ሽጉጥ ቀረቡለት እንበል። ሁለቱም ሃያ ሁለት የምትባለውን ትንሽ ጥይት ይጎርሳሉ። አንደኛው ያብረቀርቃል፣ አፈሙዙ ረዘም ይላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ሁለተኛው ቀለሙ ለቋል፣ እጀታው ተፋፍቋል፣ ባለቤቱ ግን ዋጋ አልቀንስም ብሏል። ወዳጆቹ ይከራከራሉ። «የሚያምረውን ውሰድ!» ይላል አንዱ። «ያረጀው ነው የተፈተነው» ይላል ሌላው።

ክርክሩ የቆየ ነው። ችግሩ መልሱ ላይ ሳይሆን ተራው ላይ ነው። ያገለገለ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው አራት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ብረቱን፣ ጥይቱን፣ ወረቀቱን፣ ቤቱን። ገዢው ሁሉ ከብረቱ ይጀምርና እዚያው ያበቃል። መጀመር የነበረበት ግን ከቤቱ ነበር። ገዢው ራሱ በሚጀምርበት ተራ ብንሄድም መድረሻው የት እንደሆነ መታየቱ አይቀርም።

*ብረቱ*

ሁለቱን ሽጉጦች ለመለየት በመጀመሪያ ጥይቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ክላሽም ማካሮቭም የሚተኩሱት ጥይት ከቀለሁ ቂጥ መካከል ላይ ትንሽ ክብ ቆብ አለችው። የመሣሪያው መርፌ የሚመታት እሷን ነው። የሃያ ሁለት ጥይት ይህች ቆብ የለችውም። እሳት የሚጭረው ቅመም ያለው በቀለሁ ቂጥ ዙሪያ በተቆለመመው ጠርዝ ውስጥ ስለሆነ፣ መርፌው የሚመታው ጠርዙን ነው። ጠርዙ ሲመታ እንዲጨፈለቅ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ቀለህ ደግሞ ብዙ የባሩድ ኃይል አይችልም። ጥይቷ ትንሽ ሆና የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በዚህ ዓይነት ጥይት የሚሠራ ሰባት ጎራሽ ሽጉጥ ያወጣው በ1857 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ የምትታወቀው ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል ደግሞ በ1887 እ.ኤ.አ. ወጣች።

ይህን የያዘ ሰው አሮጌ ሽጉጥ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ከሁሉ በፊት መሣሪያው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል፤ «ባዶ ነው» የሚል የሻጭ ቃል አይበቃም። ከዚያ ጥይት የሚጎርሰው ተሽከርካሪ ብረት ይታያል። በእያንዳንዱ የጥይት ጉድጓድ አፍ ላይ መርፌው ብረቱን የደቆሰው ምልክት ካለ፣ ያ ሽጉጥ ባዶውን ብዙ ጊዜ ቃታው ተስቦበታል ማለት ነው። በሌላ ዓይነት ሽጉጥ ባዶ ቃታ መሳብ ያን ያህል ላይጎዳ ይችላል። በዚህኛው ግን መርፌው ጥይት ሲያጣ የሚያርፈው በራሱ በብረቱ ጠርዝ ላይ ነው። የተደቆሰ ጉድጓድ ጥይት አላስገባም ይላል፤ የገባውንም አላወጣም ይላል።

ቀጥሎ ቃታው ተስቦ እንደተያዘ ተሽከርካሪው በጣት ይነቀነቃል። በጣም የሚወዛወዝ ከሆነ ጉድጓዱና አፈሙዙ ፊት ለፊት አይገጥሙም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሽጉጥ እርሳሱን እየላጨ ወደ ጎን ይተፋል፤ የሚተፋውም በተኳሹ እጅና አጠገቡ ባለው ሰው ፊት ላይ ነው። ከዚያ የኋላው መዶሻ ወደ ኋላ ተስቦ ከተቆለፈ በኋላ፣ ቃታው ሳይነካ በአውራ ጣት ወደ ፊት ገፋ ይደረጋል። ከተፈተለከ ሽጉጡ ለማንም አይመከርም። አፈሙዙም ከውስጥ ይታያል። ዝገት የበላው ወይም አንድ ቦታ ላይ ያበጠ ከሆነ ቀሪውን ማየት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ከእነዚህ ሽጉጦች ብዙዎቹ፣ በተለይ መዶሻቸው በእያንዳንዱ ተኩስ በእጅ የሚሳበው አሮጌዎቹ፣ መዶሻቸው ሲያርፍ ጥይት ላይ ነው የሚያርፈው። ከኪስ ወድቆ ድንጋይ ቢመታ ይተኩሳል። የድሮ ሰዎች ስድስት ጎራሹን አምስት ብቻ አጉርሰው ባዶው ላይ የሚያሳርፉት ስለዚህ ነው። የዘመኑ ሥሪት መዶሻውን ከጥይቱ የሚለይ መከላከያ ብረት አለው። አሮጌው ላይኖረው ይችላል፤ ማብረቅረቁም ስለዚህ ምንም አይናገርም።

ስለ ማብረቅረቅ ካነሱ፣ የሚያምረው ሽጉጥ ለምን ርካሽ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ቀለምና ቅባት ዝገትን ይሸፍናሉ። ከዚህም የባሰ አለ። በ2010ና በ2011 ዓ.ም. ከሱዳን ወሰን እስከ አዲስ አበባ ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ ተያዘ የሚል ዜና በተደጋጋሚ ይሰማ ነበር። በሌላው ዓለም ደግሞ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው በድብቅ ወደ እውነተኛ መሣሪያ የተቀየሩ ሽጉጦች ለፖሊስ ትልቅ ራስ ምታት ናቸው። የእነዚህ ብረት ለእውነተኛ ጥይት ኃይል አልተሠራም፤ ሲፈነዳ የሚፈነዳው በያዘው ሰው መዳፍ ውስጥ ነው። ውጪው አዲስ የሚመስል፣ ፋብሪካው የማይታወቅ፣ ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ዋጋው ስለረከሰ ሊያስደስት አይገባም፤ ርካሽ የሆነበት ምክንያት እዚያው ላይ ተጽፏል።

በብረት ብቻ ከተፈረደ እንግዲህ ቀለሙ የለቀቀው፣ ተሽከርካሪው የማይወዛወዘው፣ ጉድጓዱ ያልተደቆሰው፣ ቁጥሩ የሚነበበው ሽጉጥ ይበልጣል። «ያረጀው ነው የተፈተነው» ያለው ወዳጅ እዚህ ላይ አሸንፏል። ግን ገና ከአራቱ ጥያቄ አንዱ ብቻ ነው የተመለሰው።

*ጥይቱ*

የዚህ አገር ሰው መሣሪያን በጥይቱ መምረጥ ከጥንት ያውቃል። የጠመንጃዎቹ ስም ራሱ ምስክር ነው። ውጅግራ የፈረንሳዮቹ «ፉዚል ግራ» ነው፤ ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው፤ ምንሽር የማንሊከር ስም ነው፤ ቤልጅግ ከቤልጅግ አገር የመጣው ነው። በጉንደት በ1875፣ በጉራ በ1876 እ.ኤ.አ. ከግብጽ ጦር የተማረከው ረሚንግተን ደግሞ ሌላው ነው። አድዋ ላይ ይህ ሁሉ ዓይነት በአንድ ሜዳ ተሰልፏል። ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ጥይት መገኘት ነበረበት፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም።

ጥይት በዚያ ዘመን ከተኩስም በላይ ነበር። በብዙ ገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ዕቃ ይገዛበት እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። የተተኮሰው ቀለህም አይጣልም፤ ይለቀማል፣ እንደገና በባሩድና በእርሳስ ይሞላል። መሣሪያው ዕድሜ ያገኘው በዚህ ነው። በአንጻሩ ጥይት ሲታጣ ምን እንደሚሆን በ1928 ዓ.ም. ታይቷል። ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ታላላቆቹ መንግሥታት መሣሪያ እንዳይገባ ሲከለክሉ፣ የኢትዮጵያ ጦር ጠመንጃና ጥይቱ ሳይጣጣምለት፣ ያለውም ጥይት አርጅቶበት ነው ማይጨው የደረሰው።

ሃያ ሁለት ከዚህ ታሪክ የምትለየው ቀለሟ ስለማይሞላ ነው። ቅመሙ በጠርዙ ውስጥ ስላለና ጠርዙ አንዴ ሲመታ ስለሚጨፈለቅ፣ የተተኮሰ ቀለህ ለቀጣይ ተኩስ አይሆንም። እንደ ውጅግራ ቀለህ በመንደር ባለሙያ እጅ አይታደስም። ስለዚህ ሃያ ሁለት ሽጉጥ የገዛ ሰው የገዛው ሽጉጡን ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ከሩቅ ፋብሪካ የሚመጣ ጥይት መጠበቅንም ነው። በአካባቢው ገጠር በክላሽና በምንሽር ዝናር መካከል ይህችን ጥይት ፍለጋ መውጣት ምን እንደሚመስል ገዢው አስቀድሞ ያስብ። በሕጋዊ መንገድ ጥይት የማይገኝለት ሽጉጥ የመዶሻ ያህል እንኳ አይጠቅምም፤ በመዶሻ ቢያንስ ሚስማር ይመታበታል።

የተገኘችውም ጥይት ሁልጊዜ አትታመንም። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰ፣ መርፌው ቅመም የሌለበትን ቦታ ከመታ ጥይቷ ትከሽፋለች። ስድስት ጎራሽ እዚህ ላይ አንድ መልካም ነገር አለው። የመጀመሪያዋ ብትከሽፍ ቃታው እንደገና ሲሳብ ቀጣይዋ ትመጣለች። ግን የከሸፈች የመሰለች ጥይት ዘግይታ ልትፈነዳ ስለምትችል፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንደያዙ ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። እንደ እንጅባራ ባለ ደጋ፣ ዝናቡና ጭጋጉ ወራት በሚቆይበት አገር፣ ዓመታት ሣጥን ውስጥ የኖረች ጥይት ምን ያህል እንደምትታመን ገዢው ራሱ ይፍረድ።

«ትንሽ ናት» የሚለው ቃል ደግሞ ሰውን ያታልላል። ይህች ጥይት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። በሠርግ ወይም በለቅሶ ላይ ወደ ሰማይ የተተኮሰች ጥይት የምታርፍበት ቤት አታጣም። ሮበርት ኬኔዲ በ1968 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተገደለው በስምንት ጎራሽ ሃያ ሁለት ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን በ1981 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር የቆሰለውም በርካሽ ስድስት ጎራሽ ሃያ ሁለት ነው። መጫወቻ የምትመስለው ጥይት ታሪክ ለመቀየር አላነሰችም።

*ወረቀቱ*

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሸጥንና መግዛትን ወንጀል አድርጎታል። ብዙ ገዢ ይህን አያጣውም፤ ግን ይንቀዋል። «አገሩ ሁሉ ታጥቆ የለ?» ይላል። ያው አገር ግን የመሣሪያ ጣጣ ማንን እንደሚይዝም ያውቃል። የሚይዘው መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የተገኘበትን ሰው ነው።

አሮጌ ሽጉጥ ዝም ያለ ዕቃ ነው። ከገዢው በፊት የት እንደነበረ አይናገርም። ደም ይኑርበት፣ ከተዘረፈ ቤት ይውጣ፣ ከመንግሥት ግምጃ ቤት ይሰረቅ፣ ቁጥሩ ካልተመዘገበና ሻጩ በስሙ ካልፈረመ ማወቂያ የለም። ቁጥሩ ፖሊስ ዘንድ ለሌላ ጉዳይ የሚፈለግ ሆኖ ከተገኘ፣ ገዢው በገዛ ገንዘቡ የሌላ ሰው ተጠርጣሪነትን ገዝቷል ማለት ነው። ስለዚህ መመርመር ያለበት ሽጉጡ ብቻ አይደለም፤ ሻጩም ይመረመራል። «ከማን አገኘኸው? በማን ስም ተመዝግቧል? ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ?» ለሦስተኛው ጥያቄ ፊቱ የሚለዋወጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

መሣሪያ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም አያውቅም። ኬኔዲን የገደለው ሽጉጥ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። መጀመሪያ የገዛው አንድ አዛውንት ነበር፤ የገዛውም በ1965 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ ሁከት ተነስቶ ስለነበር ለጥበቃ ነው። በኋላ ለልጁ ሰጣት። ልጁ ቤቷ ውስጥ መቀመጡን ስላልወደደች ለጎረቤት ሰጠችው። ጎረቤቱ ሸጠው፤ ገዢው የነፍሰ ገዳዩ ወንድም ነበር። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ክፉ ያሰበ አንድም ሻጭ አልነበረም። ሁሉም ከቤቱ አንድ ዕቃ ያወጣ ነው የመሰለው።

ወደ አዊ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ኬላ ያላየ መንገደኛ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኪስ ውስጥ የተገኘች ወረቀት የሌላት ሽጉጥ «ለራሴ ጥበቃ ነው» የሚል ማብራሪያ አያስተርፋትም። የያዛት ሰው ለአንዱ ወገን የሌላው ሰው ይመስላል። ሽጉጥ ኪስ ስለምትገባ ትመረጣለች፤ ኪስ ስለምትገባም ነው ክላሽ በትከሻው ካንጠለጠለ ሰው ይልቅ እሷን የያዘው የሚጠረጠረው። የታየ መሣሪያ ባለቤቱን ይናገራል፤ የተደበቀ መሣሪያ ግን ሐሳብን ያስጠረጥራል።

*ቤቱ*

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ፣ ገዢው መጨረሻ ላይ ወደሚያስታውሰው። ሽጉጡ ለምን ተፈለገ? የትስ ይቀመጣል?

ለዚህ ጥያቄ ከባድ መልስ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ እነሱን መናቅ አይገባም። ከመተከል ጋር በሚዋሰኑት ወረዳዎች የሚኖር ገበሬ ስለ ጥበቃ ሲያወራ ቅንጦት አያወራም። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል ሸሽቶ ቻግኒ አጠገብ ራንች መጠለያ የተጠለለውን ሕዝብ ያየ ሰው መሣሪያ የሌለው ቤት ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ለዚህ ሰው «መሣሪያ አያስፈልግም» የሚል ስብከት ባዶ ነው። ግን የእሱ ስጋት የሚመልሰው በሕብረት ጥበቃ፣ በሕግ፣ ከጎረቤት ጋር በሚደረግ እርቅ ነው፤ መሣሪያም ካስፈለገ በቀበሌና በመንግሥት የታወቀ መሣሪያ ነው። ሃያ ሁለት ስድስት ጎራሽ ለእሱ ስጋት አልተሠራችም። በሌላው ዓለም የዚህች ሽጉጥ ሥራ ዒላማ መለማመድና ትንንሽ አውሬ ማባረር ነው። ጥቃት የሚፈራ ሰው እሷን ከያዘ ያገኘው ጥበቃ ሳይሆን የጥበቃ ስሜት ነው። ስሜቱ ደግሞ ሊሸሽ የሚገባውን ሰው አቁሞ ያስገድለዋል።

ገንዘብ ይዞ ከዳንግላ ገበያ የሚመለስ ነጋዴም ምክንያት አለው። እሱን ግን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ከሽጉጥ የተሻለ ጠብቆታል። ኪስ ውስጥ የሌለ ብር አይዘረፍም። ሌባ ሽጉጥ እንዳለው የሚያውቀው ቤት ደግሞ ዋጋ ያለው ዕቃ ያለበት ቤት ነው፤ የሚሰረቀውም ዕቃ ሽጉጡ ራሱ ነው።

የቀረው ምክንያት ክብር ነው፤ ይህንንም ማቃለል አይገባም። ወንድ ልጅ ታጥቆ መታየት በዚህ አገር የቆየ ነው። የካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ ሲሸሽ ያስለቀቁት አርበኞች የልጅ ልጆች የአያታቸውን ብረት በኩራት ቢያነሱ አይፈረድባቸውም። ግን ያ ክብር የተገኘው ከብረቱ ሳይሆን ብረቱ ከተነሳበት ምክንያት ነው። አገው ደግሞ ክብሩን የሚያሳይበት ሌላ ነገር አለው። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሺህ የሚቆጠር ፈረሰኛ አጊጦ ሲወጣ የሚያየው ሰው ስለ ክብር ጥያቄ አይቀርበትም። ፈረስ በአደባባይ ይታያል፣ ይመገባል፣ ይሸከማል፣ ይወልዳል። ሽጉጥ ይደበቃል፣ ይዝጋል፣ አንድ ቀን ደግሞ በተሳሳተ እጅ ይገባል።

የቤቱ ጥያቄ እውነተኛ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። የሽጉጡ አፈሙዝ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ወደተፈራው ሌባ ሳይሆን ወደ ቤተሰቡ ነው። በካሊፎርኒያ 26 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለና በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን በመሣሪያ የመግደል ዕድላቸው ስምንት እጥፍ ያህል ነበር፤ የሴቶቹ ሠላሳ አምስት እጥፍ። አሜሪካና አዊ አንድ አይደሉም። ግን ንዴት፣ ስካር፣ ዕዳና ሐዘን በሁለቱም አገር አሉ። ልዩነቱ በዚያች ክፉ ሰዓት እጅ የሚደርስበት ቦታ ላይ ያለው ነገር ነው። ዱላ ካለ ሰው ይቆስላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ይታረቃል። ሽጉጥ ካለ ሽማግሌ የሚገባው ለደም ካሣ ነው።

በኢትዮጵያ ታሪክ ከሁሉ የሚታወቀው ሽጉጥም ይህንኑ ይናገራል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ የሞቱበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የላኩላቸው ነበር። የንጉሥ ሽጉጥ፣ የወዳጅነት ስጦታ፣ ስማቸው የተቀረጸበት። መጨረሻ ላይ የተተኮሰው በባለቤቱ ላይ ነው። ቴዎድሮስ እጅ አልሰጥም ብለው የወሰኑት ውሳኔ የንጉሥ ውሳኔ ነበር፤ የአገር ጉዳይ ነበር። በየመንደሩ ግን ሌሊት ላይ በአረቄ ወይም በዕዳ የተነሳ ያው ነገር ሲደርስ ታሪክ አይጽፈውም። የሚያውቁት ልጆቹና ሚስቱ ናቸው።

ልጅም አለ። ሃያ ሁለት ሽጉጥ ቀላል ነው፤ የልጅ እጅ ይሸከመዋል። መጫወቻም ይመስላል። ትራስ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ አባት ሌሊት ቶሎ እንዲያገኘው ነው የሚቀመጠው፤ ልጅም ቀን ላይ ቶሎ ያገኘዋል። ተቆልፎ፣ ባዶ ሆኖ፣ ጥይቱ በሌላ ሣጥን የተቀመጠ ሽጉጥ ደግሞ ለልጅ ደኅና ነው፤ ለሌሊት ግን አይደርስም። ገዢው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ ሁለቱንም የሚሰጥ ሽጉጥ ገና አልተሠራም። ይህን ምርጫ ከሚስቱ ጋር ሳይነጋገር ያደረገ ሰው ደግሞ ቤቱን ሊጠብቅ ሳይሆን ቤቱ ላይ ሊወስን ነው የወጣው።

*ታዲያ የቱን ይግዛ?*

ወደ ሁለቱ ሽጉጦች እንመለስ። ጥያቄዎቹ በትክክለኛ ተራቸው ቢጠየቁ ብዙው ገዢ ብረቱ ጋ አይደርስም። ቤቱ ላይ «የት ይቀመጣል?» ሲባል ይቆማል። ቤቱን ያለፈው ወረቀቱ ላይ ይቆማል። ወረቀቱን ያለፈው ጥይቱ ላይ ይቆማል። ለእነዚህ ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ ሁለቱንም ተው። ያ ገንዘብ የምትታለብ ላም፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ መሆን ይችላል። ላም ተሰርቃ እንኳ ነፍስ አታጠፋም።

በሦስቱ ጥያቄ አልፎ የመጣ፣ ፈቃድ ያለው፣ ጥይቱን በሕጋዊ መንገድ የሚያገኝ፣ መቆለፊያ ሣጥን የገዛ፣ ከቤተሰቡ ጋር የተስማማ ሰው ካለ፣ ለእሱ መልሱ ቀላል ነው። ቀለሙ የለቀቀውን ይውሰድ። ተሽከርካሪው የማይወዛወዘው፣ ጉድጓዱ ያልተደቆሰው፣ ቁጥሩ የሚነበበው፣ ሻጩ ፖሊስ ጣቢያ አብሮት ለመሄድ ያላንገራገረው እሱ ነው። በውድ ዋጋም ቢሆን።

የሚያብረቀርቀው ግን ለማንም አይመከርም። ከአያት የወረሰ ሰው ደግሞ መግዛትም መሸጥም ሳያስፈልገው ዛሬ ማድረግ የሚችለው ነገር አለ። ያስመዝግበው፣ ባዶ ያድርገው፣ ይቆልፈው፣ ጥይቱን ለይቶ ያስቀምጠው። ይህ አንድም ብር ማለት ይቻላል አይጠይቅም፤ ከሁለቱም ሽጉጦች በላይ ግን ቤት ይጠብቃል።